በይሉኝታ የተሸጠ መጽሐፍ

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ላይ በአንድ ቅዳሜ አመሻሽ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የረሳሁትን ጨምሬ፣ የደጋገምኩትን ቀንሻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ኑ፤ ማራገቢያው የሚሠራው እዚህ ጋ ነው።

ርዕሳችን በራሱ ገንዘብ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ሥራውን እንዴት ያስተዋውቅ፣ እንዴትስ አያስተዋውቅ የሚል ነው። ጋባዦቼ እኔን የመረጡኝ ብዙ ስለሸጥኩ አይመስለኝም። መደረግ የሌለበትን ሁሉ አንድ በአንድ አድርጌ ስለጨረስኩ ነው። ስለዚህ ከጉዴ ልጀምር።

የመጀመሪያ መጽሐፌ የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ ነበር። አዲስ አበባ 1,000 ኮፒ አሳተምኩ። ካርቶኖቹ በጭነት መኪና መጥተው እቤት ተደረደሩ። እናቴ አልጋዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። በሳምንቱ 20 ኮፒ በሸራ ቦርሳ ይዤ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረር ላይ መጽሐፍ ቤቶቹን ላዳርስ ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ ለምን ተሳፋሪውን አልሞክርም አልኩ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። የደንገጎን ዳገት መውጣት ስትጀምሩ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል። ሰው ከሙቀቱ ይገላገልና ወሬ ይጀምራል። ያንን ሰዓት ጠብቄ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። "ውድ ተሳፋሪዎች፣ ስለረበሽኳችሁ ይቅርታ" አልኩ። በየሰው ጭን ላይ አንድ አንድ ኮፒ አስቀመጥኩ። "መጽሐፉ ፍቅርን፣ ተስፋንና ማኅበራዊ ሕይወታችንን ይዳስሳል" አልኩ። ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል ጭንቅላቱን በሁለት እጁ የያዘ ሰውዬ ነው።

ሁለተኛው ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት እናት ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ የታመመው ይሄ ነው?" አሉኝ።

መልሴን አልጠበቁም። የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ፣ 10 ብር አወጡ፣ መጽሐፉ መሀል ከተው መለሱልኝ። "አላህ ያሽረው" አሉ። እሳቸውን ያየ ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አወዳይ ሳንደርስ 65 ብር ሰበሰብኩ። መጽሐፍ ግን አንድም አልሸጥኩም። ይባስ ብሎ እውነቱን ለመናገር ወኔ አጣሁ። "አሜን" ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን ሳቁ፤ እኔም ሁልጊዜ ለሳቅ ነው የማወራው። ግን እኚያ እናት አልተሳሳቱም። የሕክምና ወረቀት ይዞ በየሚኒባሱ የሚለምን ሰው የሚያደርገውን አንድም ሳላስቀር አድርጌያለሁ። አቋሜም፣ ይቅርታዬም፣ ጭን ላይ ማስቀመጤም የሱ ነው። እርዳታ በሚጠየቅበት መንገድ ጠየቅሁ፣ እርዳታ ተሰጠኝ።

የዚያ ቀን ወሬ ግን አላለቀም። ሐረር ወርጄ ጀጎል ውስጥ ስገባ የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ። ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ አለ። ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰፉበት ነው፤ ስሙም ከስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ የመጣ ነው። ከነሱ ለአንዱ ቦርሳዬን ሰጠሁት። ሲያነሳው ከበደው።

"ምንድን ነው የጫንከው አቦ? ድንጋይ ነው?"

"መጽሐፍ ነው።"

"የምን መጽሐፍ?"

የሚኒባሱን ዲስኩር ልደግመው አፈርኩ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነገርኩት። "ባቡሩ ከቆመ በኋላም በፉጨቱ ሰዓት እየነቃ ጣቢያ የሚሄድ ዘበኛ አለ። የሱ ነገር ነው።"

የስፌት መኪናው ቆመ። እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። "ድሬ ነው አይደል? የአጎቴ ነገር እኮ ነው ይሄ" አለ። እጁን ጭኑ ላይ በነበረው ጨርቅ ጠረገና አንድ ኮፒ አወጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ለጎረቤቱ ጮክ ብሎ አነበበለት። ጎረቤቱ መስፋቱን አላቆመም፤ ግን ቀስ አድርጎ መስፋት ጀመረ። ገጹ ሲያልቅ "ከዚያስ?" አለ።

"የስፌቱን ተወው፣ ይሄን ተውልኝ" አለኝ ልብስ ሰፊው።

ከ20 ኮፒ ያን ቀን ለሚያነብ ሰው የደረሰው ይህ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ግን ከሐረር አራት ሰዎች ደወሉልኝ። ሁሉም ከልብስ ሰፊው ሰምተው ነው። አንደኛው ርዕሱን እንኳ አያውቀውም። "የዘበኛው መጽሐፍ የት ይገኛል?" ነው ያለኝ።

ቦርሳዬ ከተሰፋልኝ በኋላ የራምቦ ቤት ገባሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እዚያ ቤት ኖሯል ወይስ አልኖረም የሚለው ያከራክራል። ሐረር መኖሩ ግን አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ መጣ፣ ቡናና ቆዳ ነገደ፣ ቆይቶም የጦር መሣሪያ ንግድ ውስጥ ገባ። ግጥም መጻፉን ከተወ ቆይቷል። እኔን ያን ቀን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ከእኛ ወገን ነው፤ ራሱ አሳታሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ብራስልስ በሚገኝ ማተሚያ ቤት አንድ ቀጭን መጽሐፍ በራሱ ወጪ አሳተመ። 500 ኮፒ አካባቢ ነው። ጥቂት ኮፒ ወስዶ ለጓደኞቹ ሰጠ። ቀሪውን ሒሳብ ስላልከፈለ መጽሐፉ ማተሚያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ሰው ሁሉ ራምቦ መጽሐፉን አቃጥሎታል ብሎ ሲያወራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1901 አንድ ቤልጅጋዊ መጽሐፍ ሰብሳቢ መጋዘኑን ሲያስበረብር ክምሩን እንዳለ አገኘው። ራምቦ ከሞተ 10 ዓመት ሆኖት ነበር።

ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ሰው አየሁ። አንዱ መጽሐፉን በሰው ጭን ላይ የሚጥል፣ ሌላው መጋዘን ውስጥ ትቶት የሚሄድ። እኔ የማውቃቸው ጸሐፊዎች አብዛኞቻችን በሁለቱ መሀል እንወዛወዛለን። ስድስት ወር እንጨቀጭቃለን። ከዚያ ይደክመንና ካርቶኑን አልጋ ሥር ከተን "አገሩ አያነብም" እንላለን።

አሁን ወደ ምረቃው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ገንዘባችሁን የሚበላው እሱ ነው።

እኔም አስመርቄያለሁ። አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ ማሲንቆ፣ የክብር እንግዳ። የክብር እንግዳው መጽሐፉን አላነበበም። ስለ ንባብ ጥቅም 40 ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ ሁለት ሰዎች "ዳሰሳ" አቀረቡ። አንደኛው የሁሉንም ታሪክ መጨረሻ ተናገረ። እኔ ሁለት ገጽ ላነብ ነበር፤ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ሰው ተሰልፎ ገዛ፣ እኔም ፈረምኩ፣ ፎቶ ተነሳን። 87 ኮፒ ተሸጠ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ደራሲ ሆንኩ ብዬ።

በዓመቱ ከገዙት የአንዱ ጓደኛዬ ቤት ለበዓል ተጠራሁ። ቡፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጀርባ፣ መጽሐፌ በስጦታ ወረቀት እንደተጠቀለለ ቆሟል። ሪባኑ አልተፈታም። ጓደኛዬ ዓይኔን ተከትሎ አየው። ሁለታችንም ስለ ዶሮው ማውራት ጀመርን።

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሰው የገዛው መጽሐፍ አይደለም። ይሉኝታውን ነው የከፈለው። ለሠርግ እንደሚሰጥ፣ ለለቅሶ እንደሚዋጣ ከፈለ፣ ዕዳው አለቀ። እንዲያነበው የሚያስገድደው ነገር የለም። ያላነበበ ደግሞ ለማንም አያወራም። 87 መጽሐፍ ሸጬ ከሰማንያ ሰባቱ አንድም ወሬ አልወጣም። ከአንዱ ልብስ ሰፊ አራት ገዢ መጣ።

ከወሬው ሌላ ጓደኛም ታጣላችሁ። ምረቃው ላይ ሁለት ኮፒ የገዛ አንድ አብሮ አደጌ አለ። ስላላነበበው ያፍራል። ከዚራ ሰፈር ላይ ከሩቅ ካየኝ ባጃጅ ይጠራል። ቤቱ እኮ እዚያው ሦስት በር አልፎ ነው!

ምረቃ አታዘጋጁ እያልኩ አይደለም። ደስታ ነው፤ እናት ትደሰታለች። ግን ለማስተዋወቅ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። ካዘጋጃችሁም አነስ ይበል፤ ከመጽሐፉ ደግሞ ራሳችሁ አንብቡ። ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ "ከዚያስ?" እያለ ይውጣ።

የፌስቡኩን ቶሎ ልጨርሰው፤ ሁላችሁም አይታችሁታል። 50 ሰው ታግ ማድረግ፣ ሰላም ሳይሉ ኢንቦክስ የሽፋን ፎቶ መላክ፣ "ሼር በማድረግ ተባበሩኝ" ማለት። ይህም የደንገጎው ሚኒባስ ነው፤ የተለወጠው መኪናው ብቻ ነው። እኔ አንዴ የሰፈራችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ማስታወቂያዬን ለጠፍኩ። ልክ ከላዩ የአንድ ጎረቤታችን የሞት መርዶ ነበረ፤ ሳላይ ነው። "ነፍስ ይማር" ሲል የነበረው ሰው ሁሉ ለሁለት ቀን ዝም አለ። ይቅርታ የጠየቅሁት በአካል፣ ለቅሶ ቤት ሄጄ ነው።

አሁን ደግሞ የጀርባ አስተያየት። መጽሐፋችን ጀርባ ላይ ታዋቂ ሰው እንዲያሞግሰን እንፈልጋለን። አሜሪካዊው ገጣሚ ዋልት ዊትማን እ.ኤ.አ. በ1855 የግጥም መጽሐፉን በራሱ ወጪ አሳተመ፤ 795 ኮፒ ብቻ። (በዚያው ዓመት ጥር ላይ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ሐረር ገብቶ ነበር። የሐረርን መጽሐፍ ጠራዦች በጣም አድንቆ ጽፏል። ያለ ነገሩ ነው ያነሳሁት፤ ግን የአገራችን ሰው ሲመሰገን ማለፍ አልችልም።) ዊትማን ከዚያ ምን አደረገ? ስሙን ሳይገልጽ የራሱን መጽሐፍ የሚያወድስ ሒስ ጽፎ በጋዜጦች አወጣ። አንድ ኮፒ ደግሞ ለታዋቂው ደራሲ ለኤመርሰን ላከ። ኤመርሰን በደብዳቤ አመሰገነው። ዊትማን ደብዳቤውን ሳያስፈቅድ ጋዜጣ ላይ አወጣው። በ1856 ሁለተኛውን እትም ሲያወጣ ጭራሽ ከምስጋናው አንድ ዓረፍተ ነገር ከነስሙ በወርቅ ቀለም መጽሐፉ ጎን ላይ አሳተመ።

"ታዲያ ዊትማን ታላቅ ሆነ አይደል?" ትሉኝ ይሆናል። ሆነ። ግን ታላቅ ያደረገው ግጥሙ ነው። የራሱ ሒስ ዛሬ የሚነሳው እንደ ቀልድ ነው። እሱ የተጠቀመበት ተንኮል ዛሬ ቶሎ ይነቃበታል። በአንድ ቀን በተከፈቱ አካውንቶች "ድንቅ መጽሐፍ" ሲባል አንባቢ ያውቀዋል። አማዞንም ጸሐፊው የራሱን መጽሐፍ እንዲገመግም አይፈቅድም፤ ዘመዶቹና የቅርብ ወዳጆቹ አስተያየት እንዳይጽፉም ይከለክላል። እኔ ለመጀመሪያው መጽሐፌ ከአንድ የተከበረ ሰው አስተያየት ለምኜ አገኘሁ። ቆይቼ ሳየው ያው አስተያየት፣ ከርዕሱ በቀር፣ ሌላ ሰው መጽሐፍ ጀርባ ላይም አለ። ያነበባችሁ ሰው ካለ በሁለት መስመር የተሰማውን ይጻፍላችሁ። ስሙ የማይታወቅ ቢሆንም ይሁን። ከሌለ ቦታው ባዶ ይሁን። ሰው በግል የላከላችሁን ምስጋና ደግሞ ሳታስፈቅዱ አትለጥፉ።

ይበቃኛል፣ ነውሬን ጨርሻለሁ። ምን ይሠራል ወደሚለው ልምጣ። ይህን ያስተማረኝ ከዚራ ላይ ዛፍ ሥር መጽሐፍ የሚዘረጋ ሰው ነው። በአባቴ ዕድሜ ነው። አንቱ አልለውም፤ ድሬ አንቱታ እንደማታበዛ ታውቃላችሁ።

አምስት ኮፒ ይዤለት ሄድኩ። አገላብጦ አየውና "ስምህ ከርዕሱ ይበልጣል" አለኝ። እውነት ነው፤ ስሜ በትልቁ፣ ርዕሱ በትንሹ ነው የተጻፈው። "ማን ያውቅሃል አቦ?" አለ። ለመሳደብ አልነበረም፤ ጥያቄ ነው። ከዚያ "ለማን ነው የምሸጠው?" አለኝ።

"ለሁሉም ይሆናል" አልኩት።

"ለሁሉም የሚሆነው ውሃ ነው። እሱም ድሬ ላይ ይጠፋል።"

ግን አስቀመጠልኝ። እኔም ማዶ ካለው ሻይ ቤት ሁለት ምሽት ተቀምጬ አየሁ። ይህን ሁላችሁም አድርጉት። ከማንኛውም ሥልጠና ይሻላል። ሰው መጽሐፍ የሚያነሳው በአንድ እጁ ነው፤ በሌላው ስልክ ይዟል። መጀመሪያ ገልብጦ ዋጋውን ያያል። ከዚያ ጀርባውን ያነባል፤ ቢበዛ ሦስት መስመር። ያልተወው ሰው መሀሉን ይከፍትና ቆሞ ያነባል። ግማሽ ገጽ ካነበበ እግሩን ይቀይራል። እግሩን የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ ይገዛል። የእኔን በሁለቱ ምሽቶች ዘጠኝ ሰው አነሳው። ዘጠኙም ጀርባውን አይተው መለሱት። ጀርባው ላይ ምን ነበረ? የትውልድ ቀበሌዬ፣ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ያገኘሁት የምስክር ወረቀትና የዚያ የተከበረ ሰው አስተያየት። ስለ ታሪኮቹ አንድ ቃል የለም።

ሽፋኑን እንደገና ላሳትም አልችልም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ለልብስ ሰፊው የነገርኩትን ዓረፍተ ነገር በትልቁ አስጻፍኩት፤ አንድ ወረቀት ለስድስት ተቆረጠ። ቁራጩን እንደ ዕልባት፣ ጫፉ ወጣ ብሎ እንዲታይ፣ በየመጽሐፉ አስገባሁ። "ባቡሩ ከቆመ በኋላም በፉጨቱ ሰዓት እየነቃ ጣቢያ የሚሄድ ዘበኛ አለ።" ይኸው ነው። በዚያ ሳምንት አምስቱም አለቁ። እኔ ሳልሆን ሻጩ ደወለልኝ፤ "አምጣ" ብሎ።

ያን ዓረፍተ ነገር ማግኘት ነው ሥራው። መጽሐፋችሁ ምን "ይዳስሳል" አትበሉ። ማን ምን ሆነ በሉ። ልብ ወለድ ካልሆነም ያው ነው። የድሬን የምግብ አሠራር ጽፋችሁ ከሆነ "ባህላችንን ያስተዋውቃል" ከምትሉ "ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ እቤት ሲሠራ ለምን እንደሚለሰልስ ይነግራል" በሉ። ሙሸበክ ሠርቶ የከሸፈበት ሁሉ ቆም ይላል።

"ለማን?" የሚለው የሻጩ ጥያቄም መልስ አገኘ። የዘበኛው ታሪክ የሚነካው የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብን ነው። ይህች ከተማ ከምድር ባቡሩ ጋር የተወለደች ናት፤ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። አያቱ ወይም አጎቱ ባቡር ላይ ያልሠራ ስንት ቤት አለ? ስለዚህ ጡረተኞቹ ወደሚቀመጡበት ሻይ ቤት ሄድኩ። አልሸጥኩም። ለአንድ የድሮ ሠራተኛ አንድ ኮፒ ሰጠሁና "ስህተት ካለው ንገረኝ" አልኩት። በሳምንቱ ስሄድ ሰብስቦ ጠበቀኝ። "ፉጨቱ በዚያ ሰዓት አልነበረም! ይሄ ልጅ ባቡር አይቶ አያውቅም!" ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ልክ ነው ይላል፣ ሌላው አይደለም ይላል። እኔ አፌን ያዝኩ። ልመልስ ብል ክርክሩ ይሞት ነበር። ማን ትክክል እንደሆነ ለማየት ሲሉ 11 ሰዎች መጽሐፉን ገዙ። በነገራችን ላይ ያ የድሮ ሠራተኛ ልክ ነበር።

ትችት ሲመጣባችሁ ይህን አስታውሱ። ፌስቡክ ላይ የአንባቢን አስተያየት እየተከተለ የሚከራከር ጸሐፊ አለ። "አልገባህም፣ ደግመህ አንብበው" ይላል። ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ፣ አንብቦ፣ ተናዶ ጽፏል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግላችሁ?

ሌላው ድምፅ ነው። አገራችን መጽሐፍን በጆሮ የሚወድ አገር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ታተመ። በየቤቱ የገባው ግን ቆይቶ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ጭምር ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤት ያውቁታል። እኛ ወጋየሁ አይደለንም። ስልክ ግን አለን። ከመጽሐፋችሁ ሰባት ስምንት ደቂቃ የሚሆን ቦታ መርጣችሁ፣ ጸጥ ባለ ሰዓት ቅዱት። ጸጥ ያለ ሰዓት ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሱቁ ዝግ፣ ሰው ጥላ ሥር ነው። ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ሰው በርጫ ላይ ሆኖ ያዳምጠዋል፤ የሚከራከርበት ጊዜም አለው። ከተማችን ያሉት ኤፍ ኤሞችም ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ይፈልጋሉ። ሄዳችሁ "ቃለ መጠይቅ አድርጉልኝ" ከምትሉ የተቀዳውን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት። በመጀመሪያው ዙር 1,000 ማሳተም ግዴታ አይደለም። በኦፍሴት ብዙ ሲታተም የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ግን አልጋ ሥር ያለ ርካሽ መጽሐፍ ከተሸጠ ውድ መጽሐፍ አይሻልም። አሁን በዲጂታል 100ም 200ም ማሳተም ይቻላል። ስህተታችሁንም ሽፋናችሁንም ለማረም ዕድል ታገኛላችሁ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (ISBN) ከማሳተማችሁ በፊት ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ውሰዱ። ቆይታችሁ በስቲከር ስትለጥፉት ያምራል ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

ለሻጭ ስትሰጡ ትንሽ ትንሽ ስጡ፤ ደብተር ይኑራችሁ፤ አስፈርሙ። እኔ አዲስ አበባ ላለ አንድ አከፋፋይ 200 ኮፒ ያለ ወረቀት ሰጥቼ እስከዛሬ "ነገ ደውል" ላይ ነኝ። ከሽፋን ዋጋው ላይ ሻጩ ድርሻውን ሲቆርጥ አትነጫነጩ። ፀሐዩን የሚችለው እሱ ነው።

ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከእናንተ ጋር ነው። ቻናሉን የሚያስተዳድረውን ሰው መጀመሪያ በጨዋ ቋንቋ ጠይቁት። ለእኔ አንዱ አውርዶልኛል፤ አንዱ ደግሞ ብሎክ አደረገኝ። በዚህ ነገር ሌሊቱን ሙሉ መንገብገብ ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ ያስቀራል።

ጥያቄ ተነስቶ ነበር። አንዲት ልጅ "ለጓደኞቼ በነፃ ልስጥ ወይስ ልሽጥ?" አለች። ለሚያነብ ጓደኛሽ ስጪው፤ የማያነበውን ሻይ ጋብዢው። መጽሐፉን አታንሺበት፤ እሱም ይገላገላል፣ አንቺም ጓደኛ ይኖርሻል። ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን ሳትሰስቺ ስጪ። እዚያ የገባ አንድ ኮፒ እስኪበጣጠስ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የእኔን አንዱን አይቼዋለሁ፤ የዘበኛው ታሪክ ገጾች ከጥራዙ ወልቀው በላስቲክ ታስረዋል።

ሌላው "በመጨረሻ ስንት ሸጥክ?" አለኝ። ከ1,000ው 700 ገደማ ወጥቷል፤ የአከፋፋዩን 200 ሳልቆጥር መሆኑ ነው። አንድ ካርቶን ምስጥ በላው። ቀሪው እናቴ አልጋ ሥር አለ። ስድስት ዓመት ነው የፈጀው።

መጨረሻ ላይ ከኋላ አንዱ "ይዘኸዋል? አሁን እንግዛህ" አለ። አልያዝኩም፣ ሆን ብዬ ነው። እዚህ ብዘረጋው አሁን ስለሳቃችሁ ብቻ ትገዙኛላችሁ፤ ከዚያ ከዚራ ላይ ስታዩኝ ባጃጅ ትጠራላችሁ። የፈለገ ሰው ዛፉ ሥር ሄዶ ያንሳው፣ መሀሉን ከፍቶ ያንብበው። ሰውየው የሚዘረጋው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ሳትበርድ አትሂዱ፤ አታገኙትም።